ለሁለት የተከፈለ ዝናብ

ሐዋሳ ዳር፣ ቱላ ውስጥ አቶ ሳሙኤልን የማያውቅ ሰው ካለ አዲስ ገቢ ነው። በአላሙራ ተራራ ግርጌ ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው፤ ዘበኛ ይባሉ እንጂ ሰው የሚያውቃቸው በዝናቡ ነው። በግቢው ጥግ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ፣ ከጉልበት በታች የሆነ የብረት ጣሳ ቆሞ ነበር። የዝናብ መለኪያ ነው። ሳሙኤል በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አጥሩን ከፍተው ይገቡ ነበር፤ ካለፈው ጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ ቀድተው፣ ብርጭቆውን በዓይናቸው ትክክል ያነሡና ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ይጽፉ ነበር። ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ከተማው ያለው የሜትዮሮሎጂ ቢሮ በየወሩ ቅጹን ይሰበስብ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት «ላልተቋረጠ መዝገብ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጥቷቸው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ጨዋታ ይወዳሉ። ስለ ዝናብ ከተነሣማ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አይቀዘቅዝም።

«ሐዋሳን ሳህን አድርገህ አስባት» ይላሉ። «በምሥራቅ በኩል ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምዕራብ ሐይቁ አለ። እኛ ሳህኑ ውስጥ የቀረን ፍርፋሪ ነን። ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም፤ የገባበት ውሃ ሁሉ እዚያው ነው፣ ፀሐይ ካላነሣችው በቀር።»

«እሺ፣ ዝናቡስ ከየት ነው የሚመጣው?» ካልናቸው ደስ ይላቸዋል።

«ቀን ላይ መሬቱ ሲግል ሐይቁ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከሐይቁ ይነሣና ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከደጋው በኩል ደግሞ ሌላው ይመጣል። የት ይገናኛሉ? እዚህ፣ አናታችን ላይ! ሁለት ሰው ጠባብ በር ላይ ሲገፋፋ አይተህ የለ? መሄጃ ሲያጡ ወደ ላይ ነው የሚወጡት። አላሙራ ደግሞ ከሥር ያነሣቸዋል። ያን ጊዜ ደመናው ይቆለላል፤ የቀረውን ቆርቆሮህ ይነግርሃል።»

ውሸታቸውን አይደለም። አንድ ዓመት ፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሲከበር ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ ሲጨፍር፣ ብርቅዬ፣ ባለቤታቸው፣ ከቱላ ስልክ ደውላ «በረዶ ጣሪያውን ሊበሳው ነው፣ ና!» ብላቸዋለች። ከሐይቁ ዳር እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ እዚህ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ሐይቁ የራሱን ሰማይ ጠርጎ ደመናውን ወደ እኛ ነው የሚልከው፣ ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

አሁን አይስቁበትም። ለምን እንደማይስቁበት ከሳቸውም ከሌሎችም የሰማሁት ይኸው ነው።

ሳሙኤል የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው። ጸሎት ቤቱ ያለው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። እሑድ አገልግሎቱ በሁለት ተኩል ስለሚጀመር ከቱላ በሁለት ሰዓት መነሣት አለባቸው። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ላይ ለክተው በረፋዱ እየደረሱ፣ በር ላይ ቆመው መዝሙር ይሰሙ ነበር። ብርቅዬ ይህን አልወደደችውም።

«ለጣሳ ውሃ ብለህ እግዚአብሔርን ታስጠብቃለህ?» አለቻቸው አንድ ቀን። «ደግሞስ በሰንበት ሥራ ምን ይባላል?»

እውነቷን መሰላቸው። የሚቀጥለውን እሑድ መለኪያውን ሳያዩት ሄዱ፤ በመዝገቡ ላይ የእሑድን ቦታ ባዶ ተዉት። በወሩ መጨረሻ ቅጽ ሰብሳቢው መጥቶ ገላመጣቸው። «ባዶ ቦታ ምን ማለት ነው? አልዘነበም ነው? አልለካሁም ነው? አንድ ባዶ ወሩን ሙሉ ያበላሻል!» ብሎ ጮኸባቸው።

ሳሙኤል ክፉኛ አፈሩ። ያኔ መላ አገኙ። ሰኞ ጠዋት ጣሳው የሁለት ቀን ውሃ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ውሃው በእጃቸው ነው፤ የጠፋ ጠብታ የለም። ለሁለት ያካፍሉታል፤ ግማሹን ለእሑድ፣ ግማሹን ለሰኞ ይጽፉታል። የወሩ ድምር ሲሰላ ልክ ይመጣል። ለእግዚአብሔርም ለመንግሥትም የሚገባው ተሰጠ፣ ብለው ተኙ። ቅጽ ሰብሳቢው «አሁን ሰው ሆንክ» አላቸው። እንዲህ ሆኖ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ።

ከሦስት ዓመት በፊት በሠፈራቸው የሚያልፈውን የአፈር መንገድ ከፍ ሊያደርጉት የመንገድ ቢሮ ሰዎች መጡ። መንገዱ የተራራውን ግርጌ ተከትሎ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ተዳፋት ግጦሽና ድንጋይ መፍለጫ ነው፣ ከታች ሜዳው ላይ ሃያ ያህል ቤት አለ። አፈርና ጠጠር እየተደለደለ መንገዱ ከሰው ቁመት ከፍ አለ። ከተራራው የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበት አንድ ቱቦ ከሥሩ ተቀበረ። ቱቦው ምን ያህል ይስፋ? የቢሮው መሐንዲስ፣ አሸናፊ የሚባል ፈጣን ወጣት፣ የሳሙኤልን መዝገብ አስመጥቶ በአንድ ቀን የዘነበውን ትልቁን ዝናብ ፈለገ። ሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር። ትንሽ ጨመር አድርጎበት ቱቦውን አዘዘ።

ሳሙኤል ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፉ። «ያቺን ቱቦ የለካኋት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር ለአላፊ አግዳሚው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ ሐሙስ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ነፋሶች ተገናኙ። መጀመሪያ ትልልቅ ጠብታ፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ የሚወርድ ዝናብ። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የዘነበው። ውሃው ተዳፋቱን ጠርጎ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ይዞ ወረደና መንገዱ ላይ ቆመ። ቱቦው ጠጣ፣ ጠጣ፣ አልቻለም። ከመንገዱ በላይ ያለው ግጦሽ ኩሬ ሆነ። ሲሞላ መንገዱን ከላይ ዘለለው፤ ወዲያው አፈሩ ተናደና የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ወረደ።

ፊልሞን የሚባል እንጨት ሠሪ ነበር፤ ቤቱ ከመንገዱ ሥር የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ ዕፀገነት የመዘምራን አባል ናት። ውሃው ሲመጣ እሷ ገበያ ነበረች። እሱ የታሰረች ላሙን ሊፈታ ወደ ጓሮ ዞረ። ላሟ ተርፋለች። ፊልሞንን ያገኙት በማግስቱ ነው፣ እርሻ መሀል፣ ከቤቱ በር ጋር።

ያን ማለዳ ሦስት ሰዓት ላይ ሳሙኤል መለኪያውን አነበቡ። ሰማንያ ስምንት። ጻፉት።

በሣልስቱ አሸናፊ ከቢሮው ሰዎች ጋር መጥቶ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ለሕዝቡ አስረዳ። ሰው መሆኑ፣ ልቡ የተነካ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። «ወገኖቼ፣ ይህ ከሰው አቅም በላይ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝናብ አንድም ቀን አልታየም። መዝገቡን የያዙት አባት እዚሁ አሉ፤ ይመስክሩ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሳሙኤል ዞረ። ሳሙኤል አንገታቸውን ነቀነቁ። አዎ እንደማለት። ሽማግሌዎቹ «የጌታ ፈቃድ ነው» አሉ፤ ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ግን ሳሙኤል አንድ ሰኞ ትዝ ይላቸዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ መስከረም ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰማይ የተቀደደ መሰለ፤ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረቅ ነበር፣ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ አቧራ እየጠረጉ ነው። ሰኞ ብርጭቆውን ደጋግመው ቀዱ። ዘጠና አራት። አርባ ሰባት ለእሑድ፣ አርባ ሰባት ለሰኞ ብለው ጻፉ። ያኔ መንገዱ ስላልተነሣ ውሃው ሜዳው ላይ ተበትኖ አለፈ፤ ከጥቂት የበቆሎ መስመር በቀር የነካው የለም። ማን ያስታውሰዋል?

«ለምን በድንኳኑ ውስጥ አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ሬሳው ገና መቀበሩ ነበር» አሉኝ። ደግሞም፣ «ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ነበር» አሉ።

ነገሩን የደረሰችበት ሀያት ናት። ከወሎ የመጣች፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ልጅ ናት። ጥናቷ ስለ ሐይቁ ዳርና ስለ ተራራው ሥር ዝናብ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ትምህርት ቤቱ እየተመላለሰች መዝገቡን ወደ ኮምፒውተሯ ስትገለብጥ ለሳሙኤል እንደ ልጃቸው ሆናለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንገት ቀና አለች።

«ጋሽ ሳሙኤል፣ እናንተ አገር እሑድና ሰኞ መንታ ናቸው እንዴ?»

«እንዴት?»

«ሁልጊዜ እኩል ነው የሚዘንቡት። እሑድ ስድስት ከሆነ ሰኞም ስድስት ነው። እሑድ አሥራ ሦስት፣ ሰኞ አሥራ ሦስት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ!» ትስቅ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

ሁሉንም ነገሯት። ሰኞውን፣ ዘጠና አራቱን፣ ድንኳኑን። ኮምፒውተሯን ዘጋችው።

«ሀያት ልጄ፣ ውሃው እኮ አልጠፋም። ድምሩ ልክ ነው።»

«ቱቦ ድምር አይውጥም፣ ጋሼ። ቱቦ የሚውጠው የአንዷን ሰዓት ነው።»

ክረምቱ እያለፈ ነበር፤ ቢሮው የተናደውን መንገድ በበጋ መልሶ ሊሠራው፣ በዚያው በሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር ልክ ቱቦ ሊቀብር ተሰናድቷል። ዕፀገነትም ዘመድ ረድቷት ቤቷን በዚያው ቦታ አቁማለች። ሀያት «ቢሮ ከመሄዳችን በፊት ለሷ ይንገሯት፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባትም» አለቻቸው።

ሄዱ። ዕፀገነት ደጃፏ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቁጭ በሉ አለቻቸው። ቆመው ነገሯት። ሲጨርሱ ጎመኑን እየቀነጠሰች ነበር።

«ፊልሞን እሑድ እሑድ አጠገብዎ ነበር የሚቀመጠው» አለች።

«አዎ።»

«መጽሐፍ ቅዱሱን ሲረሳ ከርስዎ ጋር ነበር የሚያነበው።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እሱ የሞተበትን ቀን ስንት ብለው ጻፉት?»

«ሰማንያ ስምንት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ሐሙስ ስለነበረ።»

ጎመኗን ይዛ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ክፍት በር ፊት ለፊት ምን ያህል እንደቆሙ አያውቁም።

በማግስቱ ከሀያት ጋር ቢሮ ሄዱ። ሳሙኤል ኮታቸውን ለብሰው፣ ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አውርደው በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሄዱት፤ አስረክባለሁ ብለው። አሸናፊ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ ውሃ አስመጣላቸው። እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ሲጨርሱ ፊቱ ተለውጧል።

«ስለዚህ መዝገቡ አይታመንም እያሉኝ ነው።»

«እሑድና ሰኞው ብቻ፤ የቀረው—»

«አባቴ፣ እኔ ምን ላይ ቆሜ ነው የምፈርመው? ግማሹ እውነት ግማሹ ፈጠራ የሆነ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ሰው ሞቷል! ነገ ሲጠይቁኝ በማን ቁጥር ሠራህ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ሀያት ጣልቃ ገባች። «ቀላል ነው እኮ። ሁለቱን ቀን እያጣመርክ ውሰደው። ዘጠና አራቱን ያዝ። ቱቦውን አስፋው፣ ወይ ሁለት አድርገው።»

«በሰውዬው ትዝታ ነው የማሰፋው? ዘጠና አራት የሚል ወረቀት አለ? የለም። አርባ ሰባትና አርባ ሰባት ነው የሚለው።»

«ሰማንያ ስምንቱስ? እሱ ተጽፏል!»

«የጻፈው ማነው?» አለና አሸናፊ ወደ ሳሙኤል ሳያይ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «ደንቡ ግልጽ ነው። አንድ መለኪያ ካልታመነ በቅርብ ያለ ሌላ ይወሰዳል። ሐይቁ ዳር አንድ አለ። አውቶማቲክ ነው፤ ራሱ ለክቶ ራሱ ይመዘግባል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እሑድም ጸሎት ቤት አይሄድም።»

ሀያት ተነሥታ ቆመች። «ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ አይዘንብም! የኔ ጥናት ይኸው ነው! ሐይቁ ደመናውን ከራሱ ላይ ጠርጎ ነው ወደ ተራራው ሥር የሚልከው። እዚያ ፀሐይ እያለ ነው ቱላ ሰው የሞተው!»

«ጥናትሽ አልቋል?»

«በሚመጣው ዓመት ሐምሌ ይቀርባል።»

«እንግዲህ ሲቀርብ አምጪው።»

አሸናፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሳሙኤልም ይላሉ። ፊርማው የሚያርፍበት ነገር ነው የፈለገው። ሐይቁ ዳር ያለው መለኪያ ከተተከለ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአንድ ቀን የመዘገበው ትልቁ ዝናብ አርባ ዘጠኝ ነው። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲሠራ የመጣው ቱቦ ከፊተኛው በአንድ ስንዝር ጠበበ። ሳሙኤል ባይናገሩ ኖሮ የድሮው ልክ ይቀበር ነበር።

መለኪያውንም ወሰዱት። ከሜትዮሮሎጂ ቢሮው ሁለት ሰዎች በፒክ አፕ መጥተው ጣሳውን ነቅለው ጫኑ። ጥፋት ነው ብለው የጻፉባቸው ነገር የለም፤ «ጣቢያው ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ሳሙኤል ግን ሦስት ሰዓት ሲሆን እግራቸው ወደ አጥሩ ይሄዳል፣ ይላል የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር።

ሳሙኤል ከመንገዱ በታች ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኩ። «ቱቦው ጠባብ ነው፣ በልግ ሳይገባ ወደ ላይ ውጡ» አሉ። ሰዉ በትሕትና ሰማቸው። ሽሮ አቀረበላቸው። አንዳንዱ ደግሞ፣ ከኋላቸው፣ «ያኔ አይዘንብም ብሎ የጻፈ ሰው አሁን ይዘንባል ይለናል» አለ። ሳዳም የሚባል የባጃጅ ሾፌር ፊት ለፊት ነው የነገራቸው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና የትኛውን ሳሙኤል እንመን? ምስክር ወረቀት ያለውን ነው የሌለውን?»

የሰማቸው አንድ ሰው ነው። የካቲት መጨረሻ ዕፀገነት ቤቷን ማፍረስ ጀመረች። ከመንገዱ በላይ፣ ከድንጋይ መፍለጫው ወዲያ፣ የአጎቷ መሬት ላይ ጠባብ ቦታ ተሰጥቷታል። ውሃ ከታች መቅዳት አለባት፤ ገበያም ሩቅ ነው። ሳሙኤል ሳይጠሩ መጡና ሚስማር መንቀል ያዙ። አልከለከለቻቸውም። «ቆርቆሮውን በዚያ በኩል ይያዙ» ነው ያለቻቸው። ቆርቆሮው ተነቅሎ እስኪያልቅ የተነጋገሩት ከዚህ አያልፍም። ድሮ «ጋሼ» ትላቸው ነበር።

ቆርቆሮ ተሸክመው አዲሱን መንገድ ሲሻገሩ ሳዳም ባጃጁን አቁሞ አሳለፋቸው። «መንግሥት ቱቦ ሲቀብር እናንተ ቤት ትነቅላላችሁ!» አለ። አልሳቀም፤ መንገድ ዳር የነበሩ ልጆች ግን ሳቁ።

አምስት ጊዜ ተመላለሱ። የመጨረሻው ዙር የፊልሞን መሥሪያ ጠረጴዛ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፉት። ሳሙኤል ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ዕፀገነት በጆግ ውሃ አቀረበችላቸው፤ ጠጡ። «ሌሎቹስ?» አለቻቸው፣ ወደ ታች እያየች።

«እምቢ አሉ።»

ጆጉን ተቀብላቸው ቆርቆሮውን መደርደር ያዘች።

በልግ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመንገዱ ሥር ሁለት አዲስ ቤት ተሠራ። ቦታው ሜዳ ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ ቱቦውም አዲስ ነው። አንደኛው የቆመው ዕፀገነት በለቀቀችው መሠረት ላይ ነው።